የተጣራ ክብደት

ቡሬ እህል መጋዘን፣ ከሚዛኑ ራስ፣
ሃያ ዓመት ሆነኝ የሰው ጭነት ስዳስስ፤
በቆሎ ከሽንዲ፣ ዳጉሳ ከዳንግላ፣
ኩንታል ስመዝን ውዬ፣ ማታ እንደ ኩንታል ስበላ።
ጥጋቡ ነው ስሜ። እናቴ በክፉ ቀን ወልዳ
ምኞት ነው ያለችኝ፤ መች አደረገችው ዕዳ።

አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ጫኞች ተበትነው፣
ወጣሁ ከሚዛኑ፣ ራሴን ልመዝነው።
ዘጠና ስድስት አለኝ። ዋሸ ብዬ ወረድሁ፣
የሃያ ኪሎውን መፈተኛ ብረት ጎትቼ ጣልሁ፤
ሃያ አለ፣ ልክ ሃያ፣ ቅንጣት ሳያጎድል።
የታመመው ሌላ ነው፤ ሚዛኑስ ደህና ውሏል።

ያን ሌት ማልሁ። ፈንታነሽ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ከስልኳ ላይ
ያነበበችልኝን ቁጥር ያዝሁ፦ ስምንት መቶ ካሎሪ፤ ከዚያ ወዲያ ላላይ።
ሰኞን እንደ ጀግና፣ ማክሰኞን በጥርሴ፣
ረቡዕን «ጾም ነው» ብዬ ዋሽቼ ለነፍሴ፤
ሐሙስ ሌሊት አንጓች ባትሪ ስታበራ
አገኘችኝ ጓዳ፣ ከድፎው ጋር ስሟገት፣ ከቅቤው ጋር ሳወራ።
«ሌባ መስለኸኝ ነው» አለች።
                    ሌባስ መሆን ሆንሁ፤
የሦስት ቀን ቁጠባ በአንድ ሌሊት በተንሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ አዝመራ ትባላለች፤
ቁመት፣ ዕድሜ፣ ሥራ ጠይቃ፣ በካርዴ ጀርባ ደመረች፤
«ሰውነትህ በቀን፣ ሳትሮጥም፣ ሳትዘልም፣
ሁለት ሺህ አራት መቶ ገደማ ያቃጥላል፤ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።
አምስት መቶ ቀንስ። ይቀራል ሺህ ዘጠኝ መቶ።»
«በዛ!» አልሁ፤ «ሺህ ይሁን።»
                    ሳቀች። «ሰው ሺህ በልቶ
ጆንያ ያነሳል?»
                    «እሺ፣ ሺህ ሁለት መቶ።»
ቡሬ ገበያ ላይ ታይቶ አይታወቅም ይኸ ጉድ፣
ተቀባይ «ቀንሽልኝ»፣ ሰጪ «ጨምር» ብሎ ሲነግድ።
አልተበገረችም። «በሳምንት ግማሽ ኪሎ፤ ከዚያ አትቸኩል።
የማትኖርበትን ቁጥር አትማል፤ ሐሙስ ሌሊት ያፈርሰዋል።»

መቁጠርስ ሙያዬ። ግን ሳየው ለካስ
ሚዛን የሚሰርቅ እጅ አለ፣ የራስን ሲዳስስ፦
የአንጓችን ማንኪያ ዘይት «አንድ ናት» እያልሁ ስጽፋት
ሦስት ሆና ተገኘች፣ አጠገቧ ቆሜ ብሰፍራት።
ደላላው ሙሉሰው የሚጋብዘኝ አረቄ
ከመዝገብ አይገባም ነበር፣ ተሸጉጦ በሳቄ።
እንጀራው አራት መቶ ገደማ፤ ሁለተኛው ሲታጠፍ
«ግማሽ ነው» እላለሁ፤ ግማሹ ከነግማሹ ሲያልፍ።

ሻዬ አራት ማንኪያ ስኳር ነበር፤ አሁን አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት፣
ሁለተኛዋን አልደብቅም፤ እጽፋታለሁ በእውነት።
ጎመኑ ከወንዙ ዳር፣ ባቄላው ከነገለፈቱ፣
ቅቤው አልተሰደደም፤ ከማንኪያ ወደ ቢላ ጫፍ ዝቅ አለ እንጂ ሹመቱ።

የጊዮርጊስ ማኅበር ደረሰ፤ በጉ ታረደ፣
ቁጥሬ ከነመዝገቡ በጠላ ጎርፍ ወረደ።
በማግሥቱ፣ እንደ ልማዴ፣ ሆዴን በባዶ ልቀጣ ስል
የአዝመራ ድምፅ መጣብኝ፦ «የትናንትን ዕዳ በዛሬ ረኃብ አትክፈል።»
ሺህ ዘጠኝ መቶዬን በላሁ።
                    እንደ ሌላው ቀን። በእኩል።

ሦስት ወር አልፏል። መጋዘኑ ያው ነው፣ አቧራው ያው ነው፤
ዘጠና አንድ ነኝ። «ይኸ ብቻ?» ይላል ሙሉሰው።
ይኸ ብቻ።
ትናንት ጆንያ ስሰፋ፣ ወስፌውን ለራሴ ተዋስሁት፤
ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ካለፈው ቀዳዳ ሁለት ጣት አልፌ፣ አዲስ ቦታ ወጋሁት።
ከደጅ «ጥጋቡ! መኪና ቆሟል!» ሲሉ ሰማሁ።
ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣
«ዘለበቱ አዲሱን ቀዳዳ እስኪለምድ ነው፤ መጣሁ፣ መጣሁ።»